ለኪዱ ኦርጋን የተሰፋ ቦርሳ

ኪዱ በኅዳር መጨረሻ ወደ ቤቴ የመጣው ሁለት ሲባጎ በእጁ ጠቅልሎ ነው። አንደኛው ሲባጎ አንድ ቋጠሮ አለው፤ ሌላው ሁለት። ወንበር ብሰጠው አልተቀመጠም። ሲባጎዎቹን በስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸውና፣ "እትዬ ወለተ ሐና፣ በዚህና በዚህ ልክ ቦርሳ ቢሰፋ የትኛው ነው አንድ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው?" አለኝ።

"ምን የሚገባበት ቦርሳ ነው?"

"ኦርጋን።"

"ሁለት ኦርጋን ገዛህ?"

"አንድም አልገዛሁ። መጀመሪያ ቦርሳውን ልወቅ ብዬ ነው።"

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ የፍራሽ ልብስ፣ የተማሪ ቦርሳና የባጃጅ መጋረጃ ስሰፋ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ላልተገዛ ዕቃ ቦርሳ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሜትሬን አወጣሁና ሲባጎዎቹን ለካሁ። አንዱ ዘጠና አራት ሳንቲ ሜትር ሆነ፤ አንዱ ሰባ አንድ። ኪዱ ሁለቱንም ቁጥር ጮክ ብሎ ደገመ፣ ከዚያ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ከትከሻው እስከ ጣቱ ጫፍ ለኪኝ አለ።

ይህን ሁሉ ያደረገው ለምን እንደሆነ ለመናገር ስለ ኪዱ ትንሽ ማውራት ይኖርብኛል።

ኪዱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሁለት መስታወትና አንድ የሚሽከረከር ወንበር ያላት ጠባብ ቤት አለችው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ኦርጋን ይጫወታል። ኦርጋን መንካት የጀመረው በልጅነቱ፣ በቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰውዬ ሲታመም ሳጥኑን የሚሸከመው ኪዱ ስለነበር፣ "አንተ ያዘው" ተባለ፣ ያዘው። ማዕዶትንም ያገኛት እዚያው ነው። እሷ ጨፋሪ ነበረች፤ ኋላ አጨብጫቢ ሆነች። ተጋብተው ሠላሳ አራት ዓመት ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም።

የማዕዶት ጭብጨባ ከፍ ያለ አይደለም። መዳፏን እንደ ስኒ ጎድጎድ አድርጋ ስለምታጋጥመው ወፍራም ድምፅ ይወጣዋል፤ ከሃያ ሴት ጭብጨባ መሀል ይለያል። ሌሎቹ ሴቶች እሷን ሰምተው ነው የሚያጨበጭቡት። ሁልጊዜ የምትቆመው ከኪዱ በስተግራ ነው። ምክንያቱን አንድ ቀን ጠይቄያት፣ የአሮጌው ኦርጋን የመብራት ሽቦ በቀኝ በኩል ስለሚገባና አንድ ጊዜ ነዝሯት ስለነበር መሆኑን ነግራኛለች።

ያ አሮጌ ኦርጋን የበር መቃን ያህላል። ኪዱ ቀኝ ጫፉን፣ ማዕዶት ግራ ጫፉን ይዘው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲጭኑት ሃያ ሁለት ዓመት አይቻቸዋለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ግን የማዕዶት ጣቶች መገጣጠሚያቸው ማበጥ ጀመረ። አታት ሆስፒታል ሄዳ ታየች። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፣ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳና እንዳታጨበጭብም ነገራት። ከተማ ስትገባ ይህንኑ ለእኔ የነገረችኝ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነው።

ጥር ሃያ ቀን ደግሞ እንሴኖ ሠርግ አለ። የወንድሟ የገብረወልድ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ናት የምትዳረው። ኪዱና ማዕዶት ሊጫወቱ ቃል የገቡት ገና ልጅቷ ሳትታጭ ነበር። አሁን ማዕዶት፣ "ሌላ አጨብጫቢ ይዘህ ሂድ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ አያለሁ" አለችው። እሱ ደግሞ፣ "አንቺ አጠገቤ ከሌለሽ አልሄድም፤ ለገብረወልድም ሌላ ሰው እንዲፈልግ እልክበታለሁ" አላት። ሁለቱም ከቃላቸው ፈቀቅ አላሉም።

"የሙዝደሊፋ ሱቅ ውስጥ ራሱ የሚያጨበጭብ ትንሽ ኦርጋን አለ" አለኝ ኪዱ፣ ሲባጎውን እየጠቀለለ። "ማጨብጨቡን ለሱ እሰጠዋለሁ። እሷ በግራዬ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዘፈኑን ትቀበለኛለች። እኔ ብቻዬን እሸከመዋለሁ። ባጃጅ ውስጥ ጉልበቴ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?"

"ሲባጎህ ርዝመቱን እንጂ ከፍታውን አልነገረኝም" አልኩት። "እኔው ሄጄ ካላየሁት አልሰፋም።"

እውነቱን ለመናገር ከፍታውን ጠይቆ መምጣት ይችል ነበር። ራሱ የሚያጨበጭብ ነገር ለማየት ስለጓጓሁ ነው።

የሙዝደሊፋ ሱቅ ቴሌቪዥን፣ የሶላር መብራትና የሬዲዮ መለዋወጫ የሞላበት ነው። ኪዱ ከደጅ፣ "አሰላሙ አለይኩም" አለ።

"ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሽ ኪዱ።" ሙዝደሊፋ እኔን አየኝ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትርም አየ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ በሲባጎ ሲለኩ ሱቄ የልብስ ስፌት የሆነ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ እውነተኛዋን ሰፊ ይዘው መጡ። ይግቡ እማማ።"

ሁለቱን ኦርጋኖች ጠረጴዛው ላይ አወጣልን። ረጅሙ ጥቁርና አዲስ ነው፤ መሀሉ ላይ ሰማያዊ መብራት የሚበራበት መስኮት አለው። አጭሩ ግራጫ ነው፣ ሰው የተጠቀመበት፤ ከአዲስ አበባ ከሌላ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ እንደመጣ ሙዝደሊፋ አልደበቀንም። የግራጫው ጥርሶች፣ እነዚያ የሚጫኗቸው ነጭና ጥቁሮች፣ ጠበብ ጠበብ ያሉ ናቸው። ኪዱ ጣቶቹ ወፍራም ስለሆኑ አንዱን ሲጫን ጎረቤቱንም ነካው። "ይሄ ለልጆች ነው" አለና ገፋ አደረገው።

ጥቁሩን በስድስት ባትሪ ድንጋይ አስነሳለት። ሁለት መቶ ዓይነት ምት አለው። ሙዝደሊፋ መሀሉ ላይ ያሉትን ቁልፎች ሲጫን መስኮቱ ውስጥ ቁጥሮች ተራ በተራ አለፉ፤ አንዱ ላይ ሲደርስ ጭብጨባ ወጣ። የብዙ ሰው ጭብጨባ ነው፤ ዞር ብዬ ደጁን አየሁ። ኪዱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ዝግ ያለ ትዝታ ተጫወተበት። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪጨርስ ድረስ ሜትሬን አልዘረጋሁም።

"እማማ፣ እርስዎም ይሞክሩት" አለኝ ሙዝደሊፋ።

አፍሬ ነበር፣ ግን አንዱን ነጭ ጥርስ በአመልካች ጣቴ ተጫንኩ። የማሲንቆ የመሰለ ድምፅ ወጣ። ጣቴን ሳነሳ ጠፋ። እንደገና ተጫንኩና ቆየሁ፤ ድምፁም ቆየ። ለካ እኔ እስከፈቀድኩለት ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር።

ከዚያ ለካሁ። ጥቁሩ ከሁለቱ ረዝሞ ሳለ ክብደቱ ቀላል ነው፤ በሰያፍ ከተያዘ ባጃጅ ይገባል። ግራጫውን የሚገዛው ባይኖርም እግረ መንገዴን ለካሁት። ደብተሬ ላይ ሳልኩት፣ ቁጥሮቹንም ጻፍኩበት። በግራ ጫፉ፣ ከጥርሶቹ ውጭ፣ እንደ አሮጌ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለጊያ ከፍ ብሎ የሚዞር ቁልፍ አለው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ነው። ቦርሳ ሲጠልቅበት ሸራውን ይቀድዳል ብዬ ዙሪያውን ክብ አሰመርኩበት።

ሙዝደሊፋ ለኪዱ ጥቁሩን ለሙከራ አዋሰው። ሳይሞከር አይገዛም አልን፤ መሞከሪያውም እኛው ግቢ ሆነ።

ጎረቤቴ ፀዳለ ልጇ ሃይሚ ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቃላት ስለነበር እሑድ ከምሳ በኋላ ዘመድ ጠርታለች። ኪዱ ኦርጋኑን ብቻውን በትከሻው ተሸክሞ ሲገባ ሰው ሁሉ አየው። ማዕዶት ባዶ እጇን ከኋላው ስትሄድ ጣቶቿን የት እንደምታሳርፋቸው የጠፋት ትመስል ነበር። በግራው ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ኦርጋኑ አጨበጨበ፣ ኪዱ ጉራጊኛውን ጀመረ፣ ማዕዶት ተቀበለችው። የፀዳለ ወንድም ሱራፌል መሀል ገባ። ሱራፌል ጭፈራ ላይ ጉልበቱን ደረቱ ድረስ የሚያነሳ ሰው ነው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ቦታው ሞቀ።

እኛ ዘንድ ዘፈን በጀመረበት ፍጥነት አያልቅም። ጨፋሪው ሲሞቀው አጨብጫቢዋ ታፋጥናለች፣ ከዚያ ጨፋሪው ይብስበታል፣ እሷም ትጨምራለች። ይህን በአገራችን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ትዝታ ለሚጫወት ሰው ግን ትዝ አይለውም፤ ለኪዱም ለእኔም ትዝ አላለንም። ኦርጋኑ በጀመረበት ማጨብጨቡን ቀጠለ። እግሮቹ ቀደሙት። ሱራፌል ሁለት ጊዜ ወደ ኪዱ ዞሮ፣ "ጨምሩ፣ ጋሼ" አለ። ኪዱ ሁለቱም እጆቹ ጥርሶቹ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ቀኝ እጁን አንስቶ መሀል ያለውን ቁልፍ ለመጫን ሲሞክር ከአጠገቡ ያለውን ተጫነው መሰለኝ፣ ኦርጋኑ ጭራሽ ዝም አለ።

ሱራፌል በአንድ እግሩ ቆሞ፣ አንድ ጉልበቱን ወደ ላይ እንዳነሳ ቀረ።

"ጋሽ ኪዱ" አለ፣ "አውርዱኝ እንጂ።"

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ኪዱም ሳቀ፤ ጆሮዎቹ ግን ቀልተው ነበር። ያኔ ማዕዶት ከወንበሯ ተነሳችና መዳፏን አጋጠመች። ያ ወፍራም ድምፅ ሲሰማ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት፤ ሱራፌልም እግሩን አወረደ። እስኪመሽ ድረስ ተጨፈረ። ኪዱ አንድ ሁለቴ፣ "በቃሽ፣ ተቀመጪ" ሲላት ሰምቼዋለሁ። እሷ እሱን ሳይሆን የጨፋሪዎቹን እግር ነበር የምታየው።

በማግስቱ ሻይ ልጠጣ ቤታቸው ስሄድ ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ መሀል አድርጋ ነው የያዘችው። ጣቶቿ አይታጠፉም።

ኪዱ ጥቁሩን ኦርጋን ወደ ካርቶኑ መልሶት ነበር። "ለገብረወልድ ዛሬ እደውልለታለሁ" አለኝ። "ከወልቂጤ ሌላ ተጫዋች ያምጣ። አሮጌውንም ለሚፈልግ ሰው እሰጠዋለሁ።"

"እኔ እኮ ሂድ ብዬሃለሁ" አለችው ማዕዶት።

"አንቺም ሰምተሽኛል።"

እኔም ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

የኪዱን ሸራ ቀድሜ ገዝቼው ነበርና ለሌላ ነገር ላውለው ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። ያ የግራጫው ኦርጋን ሥዕል ወጣ። ክብ ያሰመርኩበትን ቁልፍ እያየሁ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ይህ ነገር ምን ይሠራል? ሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ ጠፍጣፋና መሀል ላይ የተደረደሩ ናቸው። እሱ ብቻ ለምን ከፍ ብሎ ጫፍ ላይ ተቀመጠ? የሰው እጅ እንዲያገኘው ካልሆነ ማን እንዲህ ለቦርሳ የማይመች ነገር ይሠራል?

የማላውቀው ዕቃ ስለሆነ አፌን ለመክፈት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን የኪዱ ፀጉር ቤት ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ገባሁና ደብተሩን አሳየሁት።

"ይሄ ምንድን ነው የሚሠራው?"

ኪዱ መነጽሩን አደረገ። "የልጆቹ ኦርጋን ነው? እንጃ። የድምፅ ማሳነሻ ይሆናል።"

"ጠየቅከው?"

"አልጠየቅኩም።"

"እኔ ልጠይቀው?"

መስታወቱ ውስጥ አየኝ። ከዚያ የፀጉር መቁረጫውን ጠረገና ቤቱን ዘጋ። በመንገዳችን ማዕዶትንም ጠራናት።

ሙዝደሊፋ ግራጫውን ኦርጋን አቧራውን አራግፎ አስነሳው። የምቱ ዓይነት ሃያ ብቻ ነው። ጭብጨባ አለው፣ ግን የደረቀ ነው፤ እንጨት ሲሰነጠቅ ይመስላል። "እማማ የጠየቁኝ ይህን ነው?" አለና ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞረው። ጭብጨባው ሳይቆራረጥ ፈጠነ። ወደ ግራ አዞረው፤ ዝግ አለ።

ኪዱ ጎንበስ ብሎ አየው። እጆቹን ጥርሶቹ ላይ አስቀመጠና ግራ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ፣ መለሰው። "ጥሩ ነው። ግን በየትኛው እጄ ላዙረው? ባስ የምመታው በዚህ ነው።"

ማዕዶት እንደ ልማዷ በግራው ቆማ ነበር። አመልካች ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። መያዝ አላስፈለጋትም። አናቱ ላይ ጣት የሚገባባት ትንሽ ጉድጓድ አለችው፤ እሷ ላይ ጣቱ ካረፈ መግፋት ብቻ ይበቃል።

"ያምሻል?" አላት ኪዱ።

"ተጫወት።"

ተጫወተ። ማዕዶት ግን ቁልፉን አላዞረችውም። ኪዱ በዓይኑ ሲጠይቃት፣ "ማንን አይቼ ላዙር? የሚጨፍር የለም" አለች።

ሙዝደሊፋ ፂሙን አሻሸ፣ ዙሪያውን አየና ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። ሁለት ቴሌቪዥኖች ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎ ጫማውን አወለቀ። "የሰይዶ ልጅ ዕቃ ለመሸጥ ብሎ ጨፈረ እንዳትሉኝ" አለ የአባቱን ስም ጠርቶ፤ ጭፈራውንም ጀመረ። ማዕዶት እግሮቹን እያየች ጣቷን በቀስታ ገፋች። ጭብጨባው ጨመረ። እሱም ጨመረ። ደጅ ላይ ሰው ተሰበሰበ።

"እትዬ ማዕዶት፣ ይበቃኛል፤ ቀንሱልኝ" አለ ሙዝደሊፋ እያለከለከ።

"ገና ተረከዝህ መሬት እየነካ ነው" አለችው።

እንደገና ገፋች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ራሷ ወደ ኋላ መለሰችለት፣ ትንፋሹን እንዲሰበስብ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭብጨባዋን ስሰማ ምን እያየች እንደምታፈጥንና እንደምትቀንስ አላውቅም ነበር። ለካ ተረከዝ ነው። ጨፋሪው ተረከዙን መሬት ማስነካት ሲተው ሞቆታል ማለት ነው፤ እስከዚያ ትጨምራለች፣ ከዚያ በላይ አትጨምርም።

ሙዝደሊፋ ወንበር ላይ ወድቆ፣ "ጋሽ ኪዱ፣ ጥቁሩ ግን ሁለት መቶ ምት አለው" አለ። መሸጥ አይረሳም።

"እኔ የምፈልገው አንድ ነው" አለ ኪዱ፤ "እሱም የሚታዘዝ።" ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠባቦቹ ጥርሶች ላይ ያሳርፍ ነበር፣ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቀ። "ጣቴን ደግሞ አለማምደዋለሁ። እስከ ጥር ሃያ ቀን አለኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀጉር ቤቱ ደንበኛ ሲያጣ ኦርጋኑ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ላይ በየመሀሉ አንድ የተሳሳተ ድምፅ እቆጥር ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ የምቆጥረው አጣሁ። እኔም ቦርሳውን ሰፋሁ። በግራ ጫፉ ውስጥ ከስፖንጅ ትንሽ ጎጆ ሠራሁለት፤ ቁልፉ እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ሸራውንም አይነካም። ለኪዱ ትከሻ ሰፊ ማንገቻ አደረግኩበት።

እንሴኖ እኔም ሄድኩ። ሠርግ ላይ ብዙ አልወጣም፤ ግን ቦርሳው እንዴት እንደሚከፈት ማየት ነበረብኝ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ኪዱ ሁለት እጁን፣ ማዕዶት አንድ ጣቷን እዚያች ትንሽ ዕቃ ላይ ማድረጋቸውን ሲያዩ ሽማግሌው ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ "ይህችን ለምታህል ነገር ሁለት ሰው?" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው፤ "አንዱ ይመታል፣ አንዷ ታፋጥናለች።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆየት ብለው የጨፋሪዎቹን እግር፣ ከዚያም የማዕዶትን ጣት ተራ በተራ ሲያዩ አየኋቸው። ገብረወልድ የሙሽራዋን እጅ ይዞ መሀል ሲገባ ማዕዶት በጣም በዝግታ ጀመረችላቸው። ወንድሟ ጉልበቱን እንደሚያመው ታውቃለች። ሙሽራዋ ብቻዋን ስትቀር ግን ማዕዶት ቁልፉን ገፋችው።

ከሠርጉ በኋላ በሳምንቱ ሁለቱም ቦርሳውን ይዘው ቤቴ መጡ። ኪዱ ማንገቻው ላላ ወይ ጠበቀ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ የተናገረችው ማዕዶት ናት።

"በግራ በኩል እጀታ ሥሪልኝ።"

"ምን ያደርግልሻል?" አላት ኪዱ። "አራት ኪሎ እንኳ አይሞላም። በአንድ ትከሻዬ ነው የምይዘው።"

"ስለ ክብደቱ ማን ጠየቀህ?"

ኪዱ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሜትሬን ፈለግኩ። የማዕዶትን እጅ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፣ ከዚያ ጣቶቿን ሳታሳምም እስከምትችልበት ድረስ እንድታጥፋቸው ነገርኳት። ግማሽ ድረስ ታጠፉ። በዚያ ልክ ውስጡ ያለውን ክፍተት ለካሁ፤ አራት ሳንቲ ሜትር ሆነ። እጀታውን ያን ያህል አወፍረዋለሁ፣ ጭራሽ መጨበጥ እንዳይኖርባት።

"ለቅዳሜ ይደርሳል?" አለች። "ቅዳሜ ወልቂጤ ነን።"

ዓርብ መጥታ እንድትወስደው ነገርኳት፣ ሸራውንም መቁረጥ ጀመርኩ።